አሥራ አራት ቋጠሮ

ትርንጎ ድሬዳዋ የገባችው በባቡር ነው፤ ከባቡሩ መውረዷን ግን አታስታውስም። ግንቦት 1945 ዓ.ም. ነበር፣ ዕድሜዋም አሥራ ስድስት። ከቡልጋ ወርዳ አዋሽ ጣቢያ ላይ ባቡር ስትጠብቅ ሦስት ቀን ወንዙ አጠገብ ሰንብታ ነበርና ንዳዱ እዚያው ያዛት። በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ፣ ከሰው እግር ሥር ተኮራምታ፣ እየተንቀጠቀጠች መጣች። የምታስታውሰው የመጨረሻ ነገር አንድ ሽማግሌ ሶማሌ ውሃ የያዘ ቆርቆሮ ወደ ከንፈሯ ሲያስጠጋላት ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት አሥራ አንድ ቀናት ከእሷ ዘንድ የሉም።

ቀኖቹን ያቆዩላት ሌሎች ናቸው። ሁለት ተሸካሚዎች ከጣቢያው አንሥተው፣ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አቋርጠው፣ መጋላ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ በድሪያ ግቢ ወሰዷት። በድሪያ ከሐረር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሥራ ፍለጋ ለሚመጡ ሰዎች ክፍል የምታከራይ ሴት ነበረች። በግቢዋ አንድ ደንብ ነበራት፤ የታመመ ሰው ጓዳ አይገባም፣ በር አጠገብ ነው የሚተኛው። የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ እንዲጠይቀው ነው። ትርንጎም በር አጠገብ ተኛች። ሶማሌው በሶማሊኛ፣ ኦሮሞው በኦሮሞኛ፣ የመኑ ዓረብ በዓረብኛ እንዴት አደርሽ እያላት ያልፋል። ስሟን የሚያውቅ ስላልነበረ "የባቡሯ" ነበር የሚሏት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዐይኗን ገለጠችና፣

"ጋሼ የት አለ?" አለች።

"ጋሼሽ ደግሞ ማነው?"

"አየነው። ድንጋይ ጫኝ ነው።"

"በዚህ ከተማ ድንጋይ ያልጫነ ማን አለ ልጄ?" አለች በድሪያ። "መጀመሪያ ስምሽን ንገሪኝ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስም ለሌላት ልጅ ዱዓ ሳደርግ አላህም ሳይቸገር አልቀረም።"

ይህን የሰማሁት ከራሷ ከበድሪያ ነው። እኔ ጆንያ ሰፊ ነበርኩ። ፊደል የለየሁት ካርባ ዓመቴ በኋላ፣ በቡና ጆንያ ላይ ከሚመታው ጽሑፍ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም፤ በዚህም አላፍርም። የማፍርበት ሌላ ነገር አለኝ፤ ቦታው ሲደርስ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

አየነው የትርንጎ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው ከሞተ በኋላ፣ መስከረም 1944 ላይ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ሲሄድ ትርንጎ ለማተቡ የሚሆን ክር በእጇ ገምዳ አንገቱ ላይ አሰረችለት። "ሥራ እንዳገኘሁ አንቺንና እናታችንን አስመጣለሁ" አላት። ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ በነጋዴ አፍ "ድንጋይ ጫኝ ሆኛለሁ፣ ለፋሲካ አስመጣችኋለሁ" የሚል መልእክት ላከ። ፋሲካው መጣ፤ ሊወስዳቸው የመጣ ሰው ግን አልነበረም። በዚያው ወር እናታቸው ሞተች። ትርንጎም ማንንም ሳትጠይቅ ተነሥታ ወደ ባቡሩ ወረደች።

ከሕመሟ እንዳገገመች መጀመሪያ የሄደችው ወደ ድንጋይ ማስፈለጫው ነው። ሥራውን የያዘው አንድ የውጭ አገር ተቋራጭ ነበር፤ ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም ሰው "ሙሴ" ነበር የሚለው። የሙሴ ጸሐፊ መዝገቡን ገለጠላት።

"አየነው የሚባል የለም።"

"ቡልጌ ነው። ረጅም፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት የሆነ።"

"እኔ የምጽፈው ስምና ቁጥር እንጂ ጥርስ አይደለም፣ እህቴ።"

"ከዚህ በፊትስ አልነበረም?"

"ኖሮም አያውቅም።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ ትርንጎ ሁለት ሐሳብ ይዛ ኖረች። ወይ አየነው ሞቷል፤ ሞቶ ከሆነ ግን ድንጋይ ጫንኩ ባለበት ቦታ ስሙ እንኳ ለምን ጠፋ? ወይ መልእክቱ ውሸት ነበር፤ ሌላ አገር ሄዷል፣ አግብቷል፣ እሷን ረስቷታል። በድሪያ ልታጽናናት "በሕይወት ይኖር ይሆናል፣ ይህም አንድ ነገር ነው" ስትላት ትርንጎ የመለሰችላትን በኋላ ከራሷ ከበድሪያ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምቻለሁ። "ሞቱን እችለዋለሁ እማማ። መርሳቱን ነው የማልችለው።"

ወደ ቡልጋ አልተመለሰችም፤ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በሚገኙ የባቡር ሠራተኞች ቤት ልብስ እያጠበች በበድሪያ ግቢ ቀረች። ግቢው ሐረሪኛም ኦሮሞኛም ሶማሊኛም አስተማራት። ከሥራ ስትወጣ ማንበብና መጻፍ ተማረች። ከአዋሽ በኩል ባቡር በሚገባበት ሰዓት ደግሞ ውሃ የሞላ ቆርቆሮ ይዛ ጣቢያ ትገኛለች። ከሦስተኛ ማዕረግ የሚወርደውን፣ ላብ ያጠመቀውን፣ ዐይኑ የቀላውን ትፈልጋለች። ውሃውን ታጠጣውና "ከየት መጣህ? ስምህ ማነው?" ትለዋለች። ከዚያ ቀጥላ ስለ ፍንጭቱ ቡልጌ ትጠይቀዋለች። የጣቢያው ተሸካሚዎች ይቀልዱባት ነበር። "ትርንጎ፣ አንቺ ጥርስ አውላቂ ብትሆኚ ይሻልሽ ነበር፤ የሁሉንም አፍ በአንድ ቀን ታዪ ነበር" ይሏታል። እሷም "የአንተን ግን ዘግተህ አሳልፈኝ" ትላቸዋለች።

እንዲህ ሆና ሰባት ዓመት አለፈ።

በስድስተኛው ዓመት፣ በ1951 ዓ.ም.፣ ወባው በየቦታው ተነሥቶ ነበር። በደጋው ሰው በየቤቱ ወደቀ፤ ከደጋ ሸሽቶ ወደ እኛ የመጣውም በየግቢው ተኛ። በተከታዩ ዓመት አንድ አጥኚ ከአዲስ አበባ መጣ። ስሙ አለምብርሃን ይባላል፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ከማዳመጥ በፊት የሚጽፍ ወጣት ነበር። ከዚራ አንድ ክፍል ተሰጠው። ጥናቱ አገራቸውን ለቀው ለሥራ ስለመጡ ሰዎች ነበር፤ ክፉ በሽታ ሲመጣ ማን ይታመማል፣ ማን ያስታምማል፣ ማን ይሞታል የሚል። ቋንቋ የሚያውቅና በር የሚከፈትለት ሰው ፈለገ። ሁሉም የነገረው ስለ አንዲት ሴት ነበር።

እንግዲህ ትርንጎ የተባዛ ቅጽ ይዛ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። በሁለተኛው ሳምንት አለምብርሃን ጠራት።

"ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ ትጠይቂያለሽ አሉ።"

"አዎ።"

"ምን ብለሽ?"

"ፍንጭት የሆነ፣ አየነው የሚባል የቡልጋ ሰው ያውቃሉ ወይ ብዬ።"

"ይህ እኮ ጥናቱን ያበላሸዋል።"

"ጥናቱ ስለ ምንድነው ያሉኝ?"

"አገራቸውን ለቀው የመጡ ሰዎች ክፉ ቀን ሲመጣ ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ።"

"ታዲያ እኔስ ሌላ ምን ጠየቅሁ?"

አለምብርሃን መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገው። መልሶ አደረገውና "ከቅጹ በኋላ ጠይቂ፣ ከቅጹ በፊት ግን አትጠይቂ" አላት።

ሥራው እየገፋ ሲሄድ አንድ የማይገጥም ነገር ተገኘ። አለምብርሃን ከሙሴ ጽሕፈት ቤት የአሥር ዓመት የሠራተኛ መዝገብ ቅጂ አስፈቅዶ ወስዷል። ትርንጎ በየቤቱ ስትጠይቅ ሰዉ "ሦስት ሳምንት ወድቄ ነበር"፣ "ወር ሙሉ ከአልጋ አልተነሣሁም" ይላል። በመዝገቡ ላይ ግን ያው ሰውዬ በዚያው ወር አንድ ቀን እንኳ ሳይቀር ድንጋይ ሲጭን ከርሟል። አለምብርሃን "እነዚህ ሰዎች ይዋሹናል" አለ። ትርንጎ "የሚዋሽ ሰው ሲታመም ማን ሾርባ እንዳጠጣው አያስታውስም" አለች። ግን ምስጢሩን እሷም አላወቀችውም፤ የወንዶች ምስጢር ነበር።

ከመዝገቡ ላይ ደግሞ የሞቱትን ለይተው ጻፉ። ኅዳር 1945 ላይ፣ ከአዲጋላ ጣቢያ ወዲያ በነበረ የድንጋይ ሰፈር፣ በአንድ ሳምንት ዘጠኝ ሰው በንዳድ አልቋል። አለምብርሃን የሟቾችን ቤተ ሰብ ሁሉ ለመጠየቅ ወሰነ። ስምንቱን አገኙ። ዘጠነኛው "አብዱላሂ ዑመር፣ የቢዮ አዋሌ ሰው" ይላል። በጭነት መኪና ቢዮ አዋሌ ወረዱና የሟቹን እናት አገኙ፤ ቃሊ የምትባል አሮጊት፣ ፍየሎቿን ጥላ ሥር ሰብስባ ተቀምጣለች። አለምብርሃን ባርኔጣውን አወለቀ።

"እናቴ፣ ስለ ልጅዎ ስለ አብዱላሂ ነው የመጣነው። ነፍሱን ይማር።"

ትርንጎ በሶማሊኛ ነገረቻት።

"ማንን ነው የሚምረው?" አለች ቃሊ።

"አብዱላሂን። ኅዳር 1945 ሞቷል ይላል መዝገቡ።"

አሮጊቷ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። "ባለፈው ዓርብ ጨውና ሻይ ቅጠል ልኮልኛል" አለች። "ሙት ጨው ይልካል እንዴ? ይልካል ካላችሁ እንግዲያው ስኳሩን ለምን እንደረሳ ጠይቁልኝ።"

"አሁን የት ነው ያለው?" አለቻት ትርንጎ።

"ከፊራ ገበያ ነው፣ ጆንያ ይሰፋል። ዒሴ ነው የሚሉት። ለምን ዒሴ እንዳሉት አላህ ይወቅ፤ እኔ ያወጣሁለት ስም ምን ጎደለው?"

ሲመለሱ አለምብርሃን ዝርዝሩ ላይ መስመር አሰመረ። "የጸሐፊ ስሕተት ነው" አለ።

"ዘጠኝ መቃብር ተቆፍሯል" አለች ትርንጎ። "ጸሐፊ ቢሳሳት ሬሳ አይፈጥርም። የሞተ ሰው አለ፤ ሰውየው ግን አብዱላሂ አይደለም።"

"ታዲያ ማነው?"

ትርንጎ ደብተሯን ገልጣ ከአብዱላሂ ስም አጠገብ "አየነው?" ብላ ጻፈች።

አብዱላሂ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሴ ዘንድ ለመሥራት ዋስ ያስፈልግ ነበር። ዋስ ያለው ሰው ቁጥር የተመታበት ትንሽ የናስ ጠፍጣፋ ይሰጠዋል፤ እኛ "ቁጥር" ብቻ እንለው ነበር። ጠዋት ቁጥሩን ለአለቃው ለካቦው ያሳያል፣ ካቦው ይጽፋል። ሁለት ቀን የቀረ ሰው ቁጥሩን ይነጠቃል። ስለዚህ በእኛ ቤት፣ በሌሎችም ብዙ ቤቶች፣ አንዱ ሲታመም ቁጥር የሌለው ሰው የእሱን ይዞ ይወጣል። ካቦው የሚያየው ናሱን እንጂ ፊታችንን አይደለም። በዚህ ዓይነት ማንም ታሞ አያውቅም፤ በመዝገብ ማለቴ ነው።

አየነው አብሮን ይኖር ነበር። ከቡልጋ የመጣ ሰው በድሬዳዋ ማን ዋስ ይሆነዋል? አሥራ አራት ወር ሙሉ የራሱ ቁጥር አልነበረውም፤ የእኛን እየያዘ ይሠራ ነበር። ገዲ የሚባል የቤታችን ሰው "አየነው አምስት ስም አለው፤ ሥራ ፈት የሆነው የራሱ ብቻ ነው" እያለ ያሾፍበት ነበር። አየነውም ፍንጭት ጥርሱን እያሳየ ይስቃል። በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ በማተቡ ክር ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል። ምን እንደሆነ ስንጠይቀው "ትርንጎ የምትባል እህት አለችኝ፤ እሷን ሳላስመጣ ያለፈ ወር ነው" ይለናል።

በኅዳር እኔ በንዳድ ወደቅሁ። በማግሥቱ የሠራተኛው ጓድ ከአዲጋላ ወዲያ ለአንድ ሳምንት ሊወርድ ነበር። ቀርቼ ቢሆን ቁጥሬ ያበቃለታል። አየነው ቁጥሬን አነሣ። ግን የዚያን ጊዜው ካቦ አብዱላሂ እስላም መሆኑን ያውቃል፤ ማተብ ያሰረ አብዱላሂ አይቶ ዝም አይልም። አየነው በሩ ላይ ቆመ፤ ማተቡን ፈታና መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

"እስክመለስ ያዝልኝ" አለኝ። "አንገቴ ቀለለኝ። ደስ አይልም።"

ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ንዳዱ እዚያ ሰፈር ገብቶ በአራተኛው ቀን ወሰደው። ገዲ አብሮት ነበር። እውነቱን ቢናገር በሰው ቁጥር የሠራው ሁሉ፣ እሱም እኔም፣ እንባረራለን። ስለዚህ ዝም አለ። እስላሞቹ ሠራተኞች አብዱላሂ ነው ብለው አጠቡት፣ ከፈኑት፣ ሰገዱበት፣ ቀበሩት። ገዲ ሲመለስ ከሕመሜ ገና አልተነሣሁም ነበር። በሩ ላይ ተቀምጦ "ሞተሃል" አለኝ፤ ከዚያ አለቀሰ።

ሙት ሰው ወደ ሥራ አይመለስም። ቤቱን በተንን፤ እኔ ከፊራ ገባሁ፣ ዒሴ ተባልኩ፣ ጆንያ መስፋት ያዝኩ። ፍንጭት ቡልጌ የምትፈልግ ልጅ በድሪያ ግቢ እንዳለች በዚያው ዓመት ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም አልኩ። የማፍርበት ይህ ነው።

ትርንጎ ከቢዮ አዋሌ በተመለሰች ማግሥት የጆንያው መጋዘን በር ላይ ቆመች።

"ዒሴ የሚባለው ማነው?"

ተሸካሚዎቹ ተንጫጩ። "ዒሴ፣ የምሥራች! ሚስት በእግሯ መጣችልህ።" "ደብተር ይዛለች አቦ፣ ሚስት አይደለችም፣ የሰፋኸውን ጆንያ ልትቆጥር ነው።"

ወደ እኔ መጣች። "ስምህ ዒሴ ነው?"

"እንደሰማሽው ነው።"

"እናትህ ቃሊ ትባላለች?"

"ቃሊ የሚባል ሴት ብዙ ነው።"

"ስኳሩን ረስተሃል ብላለች።"

መርፌውን ከጆንያው መንቀል አቃተኝ። "ሰው ተሳስተሻል" አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴን ቀና አድርጌ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚያች ቀን ግን ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

"ነገም እመጣለሁ" አለች።

መጣች። አራት ቀን በተከታታይ እየመጣች ጆንያ ክምር ላይ ትቀመጣለች፤ አትጠይቀኝም፣ አትቆጣኝም። ቅጿን ትሞላለች። በአራተኛው ቀን ከመሄዷ በፊት "አንተን አልከስህም" አለችኝ። "የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ረስቶኝ ነበር ወይስ አልረሳኝም? ለዚህ መልስ ካለህ የበድሪያን ግቢ ታውቀዋለህ።"

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። ከጁምዓ ስወጣ ወደ በድሪያ ግቢ ሄድኩ፤ ሰባት ዓመት ያስቀመጥኳትን የሻይ ቆርቆሮ ይዣለሁ። በድሪያ በር ላይ ተቀበለችኝ።

"ዒሴ ነህ ወይስ አብዱላሂ? ሻዩን ለየትኛው እንደምቀዳ ልወቅ።"

"ለአብዱላሂ" አልኳት። ከሰባት ዓመት በኋላ ስሜን በአፌ ስጠራ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቆርቆሮዋን ከትርንጎ ፊት አኖርኳት። ከፈተቻት። ክሩን በሁለት ጣቷ አወጣችው። ሁለት ጥቁር፣ አንድ ሰማያዊ፤ ማን እንደገመደው ልነግራት አላስፈለገኝም። ጣቷ ቋጠሮው ላይ ቆመ።

"እነዚህ የእኔ አይደሉም። እኔ ስገምደው ልሙጥ ነበር።"

"የእሱ ናቸው" አልኳት። በየወሩ በሃያ አንድ፣ እሷን ሳያስመጣ ላለፈ ወር ሁሉ ይቋጥር እንደነበር፣ ስለ እሷ ያለንንም ነገርኳት። ክሩን በመዳፏ ላይ ዘረጋችና ከአንዱ ጫፍ ጀምራ በከንፈሯ ብቻ መቁጠር ያዘች። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለች ዓመቱን ዞረች። አሥራ አራተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

"አንድም አልዘለለም" አለች።

በድሪያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትርንጎ አላለቀሰችም። ክሩን እንደያዘች፣

"ማን አጠበው?" አለችኝ።

"ገዲ። ወዳጃችን ነበር።"

"ሰባት ዓመት ጣቢያ ስቆም አይተኸኛል?"

"አይቼሻለሁ።"

"ውሃዬን ጠጥተህ ታውቃለህ?"

"አንድ ቀን። ከየት መጣህ አልሽኝ፤ ከቅርብ አልኩሽ።"

"እንግዲያው ያን ቀንም ዋሽተኸኛል" አለች። ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። ይገባኝ ነበር።

ነገሩን ለአለምብርሃን የነገረችው በሦስተኛው ቀን ነው፤ የእኔንና የገዲን ስም ግን ዘላ። አለምብርሃን ሰምቶ ተነሥቶ ክፍሉ ውስጥ ተመላለሰ። የሠራው ሁሉ ከሥሩ ተነቅሏል። በመዝገቡ መሠረት የድንጋይ ሠራተኞች ጤነኞች ናቸው ብሎ ሊጽፍ ነበር፤ ለእነሱ ሰፈር መድኃኒት አያስፈልግም የሚል ሐሳብ ከዚያ ይወጣ ነበር።

"ሁሉንም ቤት እንደገና እንጠይቃለን" አለ። "ማን በማን ቁጥር እንደሠራ፣ ከነስሙ።"

"ከነስሙ ከሆነ እኔ የለሁበትም።"

"ስም ከሌለ ማን ያምነናል?"

"ስም የነበረው መዝገቡ ነው" አለች ትርንጎ። "የዋሸዎትም እሱ ነው።"

አለምብርሃን እርሳሱን ሰጣትና "እንግዲያው ጥያቄውን አንቺ ጻፊው" አላት። እሷም በቅጹ መጨረሻ ላይ በራሷ እጅ "ስትታመም በቁጥርህ ማን ወጣ?" ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም "ስም አይጻፍ" አለች። በየበሩ ስትቆም መጀመሪያ የምትናገረው የራሷን ነበር፤ "ወንድሜ በሰው ቁጥር ሞተ" ትላለች። ከዚያ በኋላ ሰው አይደብቃትም። ከአሥር ሰው ሰባቱ ታሞ በቁጥሩ ሌላ ሰው ወጥቷል። የወጡት ደግሞ ዋስ የሌላቸው፣ አዲስ የመጡት፣ ገና ከባቡር የወረዱት ናቸው። በበሽታው ዓመት ይበልጥ የሞቱትም እነሱ ነበሩ፤ በየትም መዝገብ አልነበሩም።

ጥናቱ አዲስ አበባ ሄዶ የት እንደደረሰ አላውቅም። የማውቀው፣ በተከታዩ ዓመት ድሬሰር የሚሉት አንድ የጤና ረዳት በሳምንት ሁለት ቀን ኪኒን ይዞ ወደ ድንጋይ ሠራተኞች ሰፈር መውረድ መጀመሩን ነው። ዋስ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም ነበር።

ትርንጎ ለሁለት ወር አላናገረችኝም። በጥር ግን ሰው ላከችብኝ። ሦስታችን፣ እሷና ገዲ እኔም፣ በባቡር ወደ አዲጋላ ወረድን፤ ከዚያም በእግር። ሰፈሩ ፈርሷል። ዘጠኝ የድንጋይ ክምር ከግራሮች አጠገብ ተሰልፏል። ገዲ ከዳር ሦስተኛውን አሳያት። የደብሯ ቄስ አስቀድመው "አፅሙን አስመጥተን ከቤተ ክርስቲያን እናሳርፈዋለን" ብለዋት ነበር። እሷ ግን ገዲን ጠየቀችው።

"ስታጥበው ምን አልክ?"

ገዲ አንገቱን ደፋ። "በአፌ አብዱላሂ እላለሁ፤ በልቤ አየነው፣ አየነው እላለሁ። ሌላ ምንም አልቻልኩም ወላል" አላት። ወላል በሶማሊኛ እህት ወንድም ማለት ነው።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ነፋሱ አሸዋ ያዘንባል፤ ነጠላዋን እንኳ አላስተካከለችም። "እዚሁ ይረፍ" አለች። "ካጠበው ሰው እጅ አላስነሣውም።" እሷ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች፤ እኔና ገዲ ፋቲሃ ቀራን። የሁለቱም ጸሎት ድምፅ በአንድ ላይ ወጣ፤ አንዱ ሌላውን አልጠበቀም። ስንነሣ ማተቡን ከጉያዋ አወጣች። እዚያ ትተወዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አንገቷ ላይ አሰረችው።

ከዚያ በኋላም ባቡር ሲገባ ቆርቆሮዋን ይዛ ጣቢያ መገኘቷን አልተወችም። ስለ ፍንጭቱ ቡልጌ መጠየቅ ብቻ አቆመች። ታሞ የወረደ ሲኖር ስሙንና አገሩን በደብተር ጽፋ ወደ በድሪያ ግቢ ትልከዋለች፤ በድሪያ ከሞተች በኋላም በሯን ትርንጎ ያዘችው፣ በሽተኛውም እንደ ደንቡ በር አጠገብ ይተኛል። ሰዎች ሲያልፉ "ያቺ የባቡሯ" ይሏታል፤ ለምን እንደተባለች የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ይህን ለመጻፍ ስነሣ ሄጄ አስፈቀድኳት።

"ጻፍ" አለችኝ። "ስምህን ግን እንዳትለውጥ። በሰው ስም ሰው መቅበር በቃን።"

"ከኖርሽው ሁሉ ዋናው ምንድን ነው ልበል?" አልኳት።

በር አጠገብ የተኛ አንድ የጨርጨር ልጅ ነበር፤ ትኩሳቱን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ አንገቷ ላይ ያለውን ክር እየነካካች እንዲህ አለችኝ፤

"አሥራ አንድ ቀን ስሜን ሳያውቁ ውሃ ያጠጡኝ ሰዎች አሉ። እሱንም በሰው ስም ያጠቡት አሉ። እነሱን አልረሳም። ዋናውን ከጠየቅኸኝ ግን፣ እኔ ቡልጋ ተቀምጬ የተረሳሁ ሲመስለኝ፣ እዚህ ከተማ አንድ ሰው በየወሩ ቀኗን ሳያሳልፍ እኔን እያሰበ ክር ይቋጥር ነበር። እኔ አላውቅም ነበር። እሱ ግን ይቋጥር ነበር። ይኸው ነው።"